ጥሪና መጥሪያ

ሴፕቴምበር 8

ጠበቃ ቫቭራ ዘንድ ሄደን መጣን። ኦርቪል የእሁድ ሸሚዙን ለብሶ ነበር። ቢሮው ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ነው፤ ደረጃው የባሌን ጉልበት አሳመመው።

ቫቭራ የምፈልገውን ጠየቀኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሚስተር ፐርቪስ ቀኝ እጁን አንስቶ፣ ምሎ፣ ያን ምሽት መኪናውን ማን እንደነዳው እንዲናገር። የጆርጂያው ሸሪፍ ወረቀት ላይ ልጃችን ኮሪ ጠጥቶ ሲነዳ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለው ፐርቪስ ነው። ሸሪፉ ሲደርስ ሁለቱም ከመኪናው ወጥተው መሬት ላይ ነበሩ፤ ሌላ ያየ ሰው የለም።

ቫቭራ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ከኦርቪል ጋር አብረው ነው የተማሩት፤ ክፉ ነገር መናገር ሲኖርበት እንዲህ ያደርጋል።

"እዚያው ጆርጂያ መክሰስ ነበረባችሁ። የእነሱ የመክሰሻ ቀን አልፏል። የእኛ ግዛት ሕግ እስከ ጃንዋሪ ይጠብቃችኋል።"

"ታዲያ እዚህ እንክሰሰዋ" አለ ኦርቪል።

"ሰውየው የጆርጂያ ሰው፣ አደጋውም የጆርጂያ። የእኛ ዳኛ በእሱ ላይ ሥልጣን የላትም። ብትጠራው፣ እኔን እንድትዳኚ ማን መብት ሰጠሽ ይላታል።"

"በየዓመቱ እየመጣ ወፎቻችንን ሲተኩስ ለእሱ ማን መብት ሰጠው?"

"ፈቃድ ገዝቶ ነዋ፣ ኦርቪል።"

"ኮሪንስ? ከዚህ አይደለም እንዴ ጠርቶ የወሰደው?"

እሱንም እከራከርበታለሁ አለ። ግን ሊሸነፍ ይችላል፤ እስኪሸነፍ ደግሞ ጃንዋሪ ያልፋል። ከዚያ አንድ የቆየ መንገድ አለ አለን። ሰው በገዛ እግሩ መጥቶ የእኛ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ መጥሪያው እጁ ላይ ከተሰጠው፣ የመጣው ለአንድ ቀን አደንም ቢሆን፣ ፍርድ ቤቱ ይዞታል።

"በገዛ ፈቃዱ ግን" አለ፤ ጣቱንም ወደ እኔ ቀሰረ። "አታልላችሁ ካመጣችሁት መጥሪያው ተራ ወረቀት ነው።"

ፌዛንት የሚባለው ወፍ አደን የሚከፈተው ኦክቶበር ውስጥ ነው። ፐርቪስ ቀርቶ አያውቅም።

ሴፕቴምበር 9

ትናንት ሳልጽፍ ያለፍኩትን ልጻፍ። እጄ ቀስ ይላል፤ ዛሬ ግን ዝናብ ነው፣ ሥራ የለም።

ኮሪ አዳኞቹ በሚያርፉበት ቤት ውሾች ያሠለጥን ነበር። ፐርቪስ እዚያ ነው ያወቀው። የእኛ አደን ሲያልቅ ወደ እኔ ና፣ የድርጭት ውሾቼን አሠልጥንልኝ አለው። ሄደ። የተመለሰው በሣጥን ነው፤ በመጪው ጃንዋሪ ሦስት ዓመት ይሞላዋል።

የቀብር ቤቱ ባለቤት ሚስተር ሄንሪክ ሸሚዙን እንዳመጣለት ጠየቀኝ። ልብሱን እኔ ላልብሰው አልኩት። እምቢ አላለኝም። ደረቱ ላይ እንደ ቀበቶ የሰፋ ሰማያዊ ሰንበር ነበር፤ ከቀኝ ትከሻው ተነሥቶ ወደ ግራ ወገቡ የወረደ። አየሁት፣ ሸሚዙንም ቆለፍኩ። ምንም አላሰብኩም።

ባለፈው ሜይ የኦርቪል እኅት ጃኒስ ወደ ገበያ ወሰደችኝ። የእኛን ፒካፕ ሁልጊዜ የምነዳው እኔ ነኝ፤ የኦርቪል ዓይን ደክሟል። ያን ቀን ግን ጃኒስ ነድታ እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ቀበቶውን ስስብ በቀኝ ትከሻዬ በኩል መጣ። በቀኝ። እጄ እዚያው ቀረ።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ ጃኒስ።

የሚነዳ ሰው ቀበቶ በግራ ትከሻው ነው የሚመጣው። ልጄ ሲሞት ሌላ ሰው እየነዳለት ነበር።

በሜይ የጆርጂያው ቀን አልፎ ነበር። ቀደም ብዬ በዚያ ወንበር ብቀመጥ ኖሮ እላለሁ። ከንቱ ነው፤ ግን እላለሁ። ሚስተር ሄንሪክን ጠይቄዋለሁ። "አስታውሳለሁ። ፍርድ ቤት ከጠራኝ እናገራለሁ። ለአንቺ ብቻ ብናገር ሐሜት ነው የሚሆነው" አለኝ።

ሴፕቴምበር 15

ቲማቲም ቀቀልኩ፣ በጠርሙስ አሸግኩ። ሱቅ ውስጥ ከዱቄቱ መደርደሪያ ጀርባ አንዲት ሴት "ያ ጠጥቶ የሞተው የአርዲስ ልጅ" ስትል ሰማሁ። ክፉ ብላ አይደለም። ለሌላዋ ማን እንደሆንኩ እያስረዳቻት ነው። ኮሪ የሚታወቀው በዚህ ነው ማለት ነው። ዱቄቱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ሴፕቴምበር 23

ቫቭራ ደወለ። "ሰውየውን ዘንድሮ እንዲመጣ የጠራው አለ?"

"የለም" አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ድስት ማጠብ ጀመርኩ። ካርዶቹ የዚያን ጊዜ ትዝ አሉኝ።

አደን በሚከፈትበት ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን ለአዳኞች እራት ታዘጋጃለች። ባለፈው ዓመት ለበላ ሁሉ በኦገስት ካርድ እንልካለን፤ እጅ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ አብዛኛውን እኔ ነኝ የምጽፈው። "በደስታ እንጠብቅዎታለን፣ አርዲስ።" ዘንድሮም ጻፍኩ። ለፐርቪስም ጻፍኩ። ተራው ሲደርስ እጄ ጻፈ። ከሥሩም የሚወዱት የሩባርብ ፓይ ይኖራል የሚል ጨመርኩበት። ሩባርብ ጎምዛዛ አገዳ ነው፤ በስኳር አድርጌ ሊጥ ውስጥ እጋግረዋለሁ። ለብዙዎቹ አንዳንድ ነገር እጨምራለሁ።

ለቫቭራ መልሼ ደወልኩና ነገርኩት፣ ፓዩንም ጭምር። "ጥሪ ልከሽ መጥሪያ ልትሰጪው?" አለኝ።

እራት ላይ ኦርቪል ሹካውን አስቀመጠ። "ኦገስት ላይ የቀበቶውን ነገር ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ አስበሽበት ነው?"

"ከሌሎቹ ጋር ነው የጻፍኩት" አልኩት። እውነት ነው፣ ከሌሎቹ ጋር ነው የጻፍኩት።

ሴፕቴምበር 24

ጃኒስ ሳቀች። "ምን ችግር አለው? ይምጣ፣ ይብላ፣ ወረቀቱን ከፓዩ ሥር አድርገሽ ስጪው!"

አልሳቅኩም። ከሄደች በኋላ ግን ትንሽ ሳቅኩ።

ሴፕቴምበር 26

ቫቭራ ጥሪውን መልሼ እንድወስድ ነገረኝ። በስልክ፣ በግልጽ፣ አትምጣ ብዬ። ያን ከሰማ በኋላ ከመጣ የመጣው በራሱ ፈቃድ ነው።

ኦርቪል ራሱን ነቀነቀ። "በዚህ ከተማ አትምጣ የተባለ ሰው የለም። የድሮውን አዳራሽ በሲጋራው ያቃጠለው ሰውዬ እንኳ በዓመቱ መጥቶ ሁለት ሳህን በልቷል። ሥጋ የጨመረለትም የእሳት አደጋው አለቃ ነው።"

"የምትዪው አርዲስ አንቺ ነሽ" አለኝ ቫቭራ። "እኔ ብነግረው ይነቃል።"

"ስለ መጥሪያው ልንገረው?"

"ግዴታ የለብሽም። ከጠየቀሽ ግን እንዳትዋሺ።"

እናቴ ሻጩን እንኳ በር ላይ አልመለሰችም። አስገብታ፣ ቡና ሰጥታ፣ ምንም ሳትገዛ ነበር የምትሸኘው።

ሴፕቴምበር 30

አልደወልኩም።

ኦክቶበር 2

ደወልኩ፤ ሲነሣ ዘጋሁት። ሞኝ ነኝ።

ኦክቶበር 4

ዛሬ ተናገርኩ። ኦርቪል አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሁሉንም እንደነበረ ልጻፍ።

"ሚስ አርዲስ!" አለ ፐርቪስ። እንደ እነሱ አገር ነው የሚጠራኝ፣ ባል እንደሌላት ልጃገረድ። "ካርድዎ ደርሶኛል። ውሾቼ ከአሁኑ አላስተኛ ብለውኛል።"

ስለ ዝናቡ ጠየቅኩት። ነገረኝ። እሱም ስለ በቆሎው ጠየቀኝ። ነገርኩት። ኦርቪል ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

"ሚስተር ፐርቪስ" አልኩ፣ "ካርዱን ይተዉት። ወደ እራቱ እንዲመጡ አልፈልግም። ወደዚህም በእኔ ጥሪ እንዳይመጡ። ጥሪዬን አንስቻለሁ።"

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ድምፁ ቀጠነ።

"የልጁ ነገር ነው?"

"አዎ።"

"በሰላም ይረፍ እመቤቴ። ስሙን ባናነሣሣው ለእሱ ይሻላል ብዬዎት ነበር።"

"ብለውኛል። እኔም እሺ ብዬ ነበር። አሁን እሺ አላልኩም።"

"እኔ እኮ ኮሪ ሳይወለድ ጀምሮ ነው እዚያ የማድነው። ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም።"

"አልጠራሁዎትም" አልኩት። "ይህን ብቻ ይስሙልኝ።"

ከዘጋሁ በኋላ ስልኩን በሽርጤ ጠረግኩት። ሰውን ከማዕድ መመለስ እንዲህ የሚያስነውር አይመስለኝም ነበር። ኦርቪል ወንበር ሳበልኝ። "ስለ በቆሎው ባትጠይቂውም ይበቃ ነበር" አለኝ።

ኦክቶበር 9

ካልመጣስ? በገዛ አፌ አትምጣ ብዬዋለሁ። ካልመጣ ጃንዋሪ ይዘጋል፣ ኮሪም ያው ጠጥቶ የሞተው ይሆናል። መጥሪያውን ስላልነገርኩት ደግሞ ማታለል ይሆን እላለሁ። አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። እነግረው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ኦክቶበር 14

ጃኒስ አዳኞቹ የሚያርፉበትን ቤት ታጸዳለች። "የጆርጂያውን ክፍል አንጥፊ ተብያለሁ" አለችኝ። "ስልክ ደውሎ፣ ውሾቼ ቦታ እንዳይጠባቸው ሁለት መኪና ነው የማመጣው ብሏል።"

ሥጋው ገብቷል። ድንቹን ነገ እንልጣለን።

ኦክቶበር 17

ፓዮቹን ጋገርን። የሩባርብም አለ፤ ሌላ የሚወደውም ሰው አለ። ምክትል ሸሪፍ ዌይን መጥሪያውን ከቫቭራ ተቀብሏል። ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ ምድጃው ይጠብቀኛል።

ኦክቶበር 18

መጣ።

ዌይን ማረፊያ ቤቱ ጋ ወይም ሜዳው ላይ ያገኘዋል ብለን ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲፈልገው ውሎ አላገኘውም፤ በማን መሬት ላይ እንደሚያድን አልታወቀም። እሱ ግን እራት ላይ በበሩ ገባ። ብርቱካናማ ኮፍያውን አድርጎ፣ ጉንጩ በብርድ ቀልቶ፣ ለሁሉም እጁን እያነሣ። ሳህን አንሥቶ ተሰለፈ።

ሴቶቹ አዩኝ። ማንም ምን እንደሚደረግ አያውቅም። የመጀመሪያዋ ድንች ጨመረችለት፤ ሁለተኛዋም ባቄላ። ሥጋውን የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ዌይን ከበሩ ገብቶ ከመስመሩ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ጃኬቱ ውስጥ ወረቀት አለ። እኔ ሥጋ ከቆረጥኩለት እንግዳዬ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

"ሚስተር ፐርቪስ፣ አይምጡ ብዬዎት ነበር።"

ከኋላው የተሰለፉት ሳህናቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ብለውኛል እመቤቴ" አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። "እኔ ግን ደስ ሲለኝ እመጣለሁ። ማንም አይጠራኝ፣ ማንም አያባርረኝ።"

"ካልጠራሁዎት አላበላዎትም።"

እንደዚህ አልኩ። እኔ። በቤተ ክርስቲያን።

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ዌይን ተከተለው። እኔም ቢላዋ ይዤ እንዳልወጣ፣ ቢላዋው ጠረጴዛው ላይ መቅረቱን አይቼ፣ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። መኪኖቹ የቆሙበት ጠጠር ላይ ዌይን፣ "ሚስተር ፐርቪስ? ይህ የእርስዎ ነው፣ ጌታዬ" ብሎ ሰጠው። ፐርቪስ ተቀበለ፣ አነበበ፣ መሬት ላይ ጣለው።

"መጣል ይችላሉ" አለ ዌይን። የማይቸኩል ሰው ነው። "አንዴ ደርሶዎታል። ለማንኛውም አንሥተው ቢወስዱት ይሻላል፣ ቀኑ እዚያ ላይ ነው ያለው።"

ፐርቪስ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሣሁም ነበር። ከዚያ ገብቼ ሥጋ ቆረጥኩ፤ ብዙ ሰው ይጠብቅ ነበር።

ኖቬምበር 12

የፐርቪስ ጠበቃ አቤቱታ አስገብቷል። ፍርድ ቤቱ በደንበኛዬ ላይ ሥልጣን የለውም ይላል። ካርዴን አያይዞበታል። በፓይ አባብለው ያመጡት ነው ይላል።

ቫቭራ ፐርቪስ ለዚህ ብቻ ይቀርባል አለን፤ ክሱን ለመመለስ ሳይሆን።

ኦርቪል አሰበበት። "አልመጣሁም ለማለት ነው የሚመጣው?"

"እንደዚያ ነው።"

"እኔ ወተት የማቀርብለት ሰውዬም እንደዚህ ነው ዕዳውን የሚከፍለው።"

ቫቭራ ሲስቅ ካየሁ ቆይቷል።

ኖቬምበር 27

የምስጋና ቀን። ጃኒስ የተጠበሰ የቱርክ ዶሮ አመጣች። የኮሪን ወንበር ግድግዳው ጋ አስጠግተነዋል፤ ማንም አያነሣውም፣ ማንም አይቀመጥበትም። ኦርቪል ሲጸልይ ስሙን ጠራ። ጃኒስ ሥጋውን ያደረቀችው መሰለኝ፣ ግን በላን።

ዲሴምበር 4

ነገ ነው። ቫቭራ አለማመደኝ። "ስለ ካርዱ ሲጠይቁሽ ልማድ ነው በያቸው። ለሁሉም ይላካል በያቸው። እውነት ነው፤ እዚያ ላይ አቁሚ።"

እውነት ነው። እዚያ ላይ አቆማለሁ።

ዲሴምበር 5

የፐርቪስ ጠበቃ ከትልቁ ከተማ የመጣ ትሑት ወጣት ነው። ካርዴን በላስቲክ አድርጎ ይዞት ነበር፣ እንደ ውድ ነገር። የእኔ ጽሕፈት መሆኑን ጠየቀኝ። ነው አልኩ። ስንት ሰው ካርድ ላይ ስለ ፓይ እንደጻፍኩ ጠየቀኝ። በእሱ ላይ ብቻ አልኩ፤ በሌላው ላይ ሌላ ነገር ጽፌያለሁ።

"ይህን ሲጽፉ ያን ምሽት የነዳው ሚስተር ፐርቪስ ነው ብለው ያምኑ ነበር?"

"ነድቷል ብዬ አምን ነበር።"

"ታዲያ ሲጽፉለት እንዲመጣ ይፈልጉ ነበር?"

ከሌሎቹ ጋር ነው የጻፍኩት የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። ለኦርቪል ያልኩት። ለራሴም በዚሁ ደብተር ያልኩት። ከመናገሬ በፊት ቀና ስል ፐርቪስን አየሁት፤ እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የማልኩበት እጄ ገና ይሞቀኝ ነበር። ከእሱ የምፈልገው ይህንኑ እኮ ነው።

"አዎ" አልኩ። "እንዲመጣ ፈልጌ ነበር።"

ቫቭራ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ኦርቪል ከኋላ ሲተነፍስ ሰማሁት።

ዳኛዋ ጎንበስ ብላ አየችኝ። "ከዚያስ?"

"ከዚያ ትክክል እንዳልሆነ ተነገረኝ። ደውዬ አይምጡ አልኩት። እራት ላይም ደግሜ አልኩት።"

"ለምን እንደሆነ ነገሩት?"

"ልጄን ብዬዋለሁ። መጥሪያውን አልነገርኩትም። አልጠየቀኝም።"

ተቀመጥኩ። ያበላሸሁት መሰለኝ። በቃ፣ በራሴ አፍ ዘጋሁት አልኩ። ግን አልጸጸተኝም፤ ይህን ስጽፍም እየመረመርኩ ነው፣ አልጸጸተኝም።

ቀጥሎ ፐርቪስ ቆመ። ጠበቃው በለሰለሰ ድምፅ፣ ካርዱ ባይደርስዎ ኖሮ ዘንድሮ ይመጡ ነበር ወይ አለው። አልመጣም እንዲል ነው የተጠየቀው፤ እኔ እንኳ ገብቶኛል። የፐርቪስ አንገት ግን ቀላ።

"ለአንድ ቁራሽ ፓይ ብዬ አገር አቋርጬ የምመጣ ሰው እመስላለሁ?"

"ሚስተር ፐርቪስ..." አለ ጠበቃው።

"አይ፣ ይታወቅ። ያቺ ሴት አትምጣ ስትለኝ አንድ መኪና ሳይሆን ሁለት መኪና ውሻ ጭኜ መጣሁ። የት እንደማድን ማንም አይነግረኝም።"

ጠበቃው ወረቀቱን አጠፈ። ዳኛዋ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች። ጥሪው ተነሥቷል። ሰውየው መነሣቱን ሰምቷል። የመጣው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ለዚህም ከራሱ የተሻለ ምስክር የለም። መጥሪያው የጸና ነው፣ ፍርድ ቤቱ በእሱ ላይ ሥልጣን አለው።

ደረጃው ላይ ቫቭራ ኮቱን እየቆለፈ፣ "አዎ ስትዪ ልቤ ቆሞ ነበር" አለኝ።

"የእኔም።"

ኦርቪል እጄን ያዘ። መኪናው ጋ ስንደርስ "አስበሽበት እንደነበር አውቄ ነበር" አለ። በሩንም ከፈተልኝ።

ጃንዋሪ 22

ዛሬ ፐርቪስ ከችሎቱ በፊት ቃሉን ሊሰጥ ቫቭራ ቢሮ ተሰበሰብን፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ። ፐርቪስ ከጠበቃው ጋር፣ እኛ ከቫቭራ ጋር፣ በጠረጴዛው ጫፍ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ከመሣሪያዋ ጋር። ሚስተር ሄንሪክ ምሎ የሰጠው ቃል ከመካከላችን ተቀምጦ ነበር፤ ስለ ሰንበሩ፣ ከየትኛው ትከሻ እንደተነሣ። ፐርቪስ አንብቦታል። እኔን አላየኝም።

ቀኝ እጁን አነሣ። ማለ።

ቫቭራ ስሙን ጠየቀው፣ አድራሻውን፣ መኪናው የማን እንደነበረ። በየመልሱ እያመሰገነው ነው የሚጠይቀው፣ እንደ ጎረቤት። ከዚያ፣

"ያን ምሽት መኪናውን ይነዳ የነበረው ማን ነው?"

ጠበቃው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ነገረው። ፐርቪስ ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን በጣቱ ትንሽ ገፋው። ውጭ በረዶ የሚጠርገው መኪና አለፈ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ እሱም ያን ጊዜ ተናገረ።

"እኔ ነበርኩ።"

ጸሐፊዋ እጇን አነሣች። ይቅርታ ጌታዬ፣ በመኪናው ድምፅ አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ አለችው። ደገመው።

እኔ በመጀመሪያውም ሰምቼዋለሁ።